የዋሷ ቃል

ልጅሽ እንዴት አደረች ብሎ የሚጠይቅ፣ ፊት የሌለው፣ ቤት የሌለው፣ እናት የሌለው ድምፅ በየጠዋቱ ቢመጣ፣ ሰው ምን ብሎ ይመልስለታል? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ አቀረብኩት። መልስ የለኝም። ያኔ ግን መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ጥፋቱም እሱ ነው።

ስሜ ትርሲት ይባላል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድም የምጽፈውን አውቃለሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ከደረቅ ወደቡ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ሰፈር። ማስረሻ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትብኝ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ነበረች። ሐዘኑን ታስረሳኛለች ብዬ ስሟን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አፏን የፈታችው እኔን "እማዬ" ብላ ጠርታ ነው፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው የምትለኝ። የምትለኝ ነበር ልበል ይሆን? እሱንም አላውቅም።

ከበረንዳችን የባቲ መንገድ ይታያል። መኪኖቹ በእኩል ርቀት፣ በእኩል ፍጥነት ያልፋሉ፤ ቀንም ሌሊትም አይቋረጡም። ጋቢናቸው ውስጥ ሰው የለም። ጥሩምባ ስለማይነፉ እኛ ዝምተኞቹ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ልጆች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙላቸው ነበር፤ በኋላ ተዉት። በለስ ሻጮቹም ተዉት። ዝምተኛ በለስ አይገዛም፣ ሻይ አይጠጣም። ጎማው ቢፈነዳ እንኳ ሌላ ዝምተኛ መጥቶ ይቀይርለታል። ስለዚህ ጎሚስታዎቹ ዘጉ፣ የባቲ አልጋ ቤቶችም ፍራሻቸውን ሸጡ። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሰው ነው። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያልፉ ያያቸዋል።

"አንዱ እንኳ ሰላም አይለኝ" ይላል። "ያሳደጋቸው የለም።"

ለሰው የቀረው ለዝምተኞቹ የማይመች የጠጠርና የገደል መንገድ ነው። ከወደብ ከሚመጣው ጥሩ ጭነትም ትንሽ ቁራጭ "የሰው ድርሻ" ተብሎ ይተዋል። ይህን የሚያከፋፍለው ድልድሉ ነው። ድልድሉ ሰው አይደለም። በየጠዋቱ ይናገራል፤ አንቺ ይህን ጫኚ፣ አንተ ያን ጫን ይላል፤ ያለው ይሆናል። ሹፌር ሁሉ ከአንድ እስከ ሰባት ደረጃ አለው። አንደኛ ደረጃ ያለው ማዳበሪያ ጭኖ ከወደብ ይወጣል፣ ሰሊጥ ጭኖ ይመለሳል፤ ባዶውን የሚሄድበት አንድ ኪሎ ሜትር የለም። ሰባተኛ ደረጃ ያለው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ማስረሻ መኪና ልግዛ ስትለኝ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

"ከእናትሽ የቀረሽ ያ ቦታ ብቻ ነው" አልኳት።

"ቦታው ላይ ከግራዋ በቀር የበቀለ ነገር የለም፣ እማዬ። እኔ መንዳት እችላለሁ።"

"መንዳትማ አያ እንድሪስም ይችል ነበር።"

"እሱ የሰው መኪና ነው የነዳው። እኔ የራሴን ነው የምነዳው።"

ቦታውን ሸጠች፤ መሪ ካላቸው አሮጌ መኪኖች ጨረታም አንዱን አሸነፈች። ወደ ሰፈር ይዛው የመጣች ቀን ዳገቱ ላይ ስትደርስ ጥሩምባዋን ነፋች። ጥሩምባ ከተሰማ ዓመታት አልፈው ነበርና ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አያ እንድሪስ የመኪናውን በር እየዳበሰ አለቀሰ። እኔ አልወጣሁም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋት፤ ከጋቢናው ላይ ሆና ትስቃለች፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል፣ ያ ሁሉ ዓይን ደግሞ እሷ ላይ ነው። መጋረጃውን መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ምዝገባ አብሬአት ሄድኩ። ሹፌር ያለ ዋስ አይመዘገብም። ክፍሉ ውስጥ ናትናኤል የሚባል አንድ ወጣት ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው።

"ዋሷ እርስዎ ነዎት፣ እማማ?"

"እኔ ነኝ። ግን ልንገርህ ልጄ፣ ቤቱ የኪራይ ነው። ለዋስ የሚበቃ ምንም የለኝ።"

"ንብረት አንፈልግም፤ እሱ ድሮ ቀረ። የምንፈልገው አብሯት የሚያድር ሰው ነው። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዴት እንዳደረች ይጠየቃሉ። መንገድ ላይ ካለች ደግሞ ስትደውል ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ይናገራሉ። በቃ።"

"እሷን ራሷን አትጠይቋትም?"

"ሹፌር ስለ ራሱ ይዋሻል" አለ። የለመደው አነጋገር ነው፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "የዋስ ቃል ምስጢር ነው። እሷም አትሰማውም።"

ስንወጣ ማስረሻ ክንዴን ያዘች። "ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው፣ እማዬ። ሌላ ምንም አይፈልጉም።"

"እሱን ለእኔ ተይው" አልኳት።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። አራት ልጆች ነበርን። ሰው ስለ እኛ ሲጠይቃት "ምን ይሆናሉ፣ አቅም የላቸው፣ ከሲታዎች" ነበር መልሷ። እኛ ደግሞ ጠግበን የምንፈነዳ ነበርን። የእኛ ሰው ልጁን እንዲህ ነው የሚሸፍነው። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ልጄ ጎበዝ ናት ብሎ ለማያውቁት ሰው መናገር ልጅን ራቁቷን አደባባይ እንደማቆም ነው፤ የማን ዓይን እንደሚያርፍባት አይታወቅም። እኔ ይህን የጣስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሠርግ ቤት ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት የማስረሻን እናት አይታ "ይህች የማን ናት" ብትለኝ፣ ደስታው አሳስቶኝ "የእኔ ናት፣ ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም" አልኳት። ከዚያ በአርባ ቀን ውስጥ ቀበርኳት። ሐኪሞቹ ሌላ ምክንያት ነገሩኝ። ይሁን፣ ሐኪሞቹም ልክ ይሆናሉ። እኔ ግን ያልኩትን አልረሳሁትም።

የመጀመሪያው ጠዋት የድልድሉ ድምፅ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከሰቀሉልን ሳጥን መጣ። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ እንደ እኛ አገር ሰው የሚናገር።

"እትዬ ትርሲት፣ እንደምን አደሩ። ማስረሻ እንዴት አደረች?"

ማስረሻ እንደ ድንጋይ ተኝታ ነበር ያደረችው። ተነሥታ ከትናንት የተረፈውን ሽሮ ድስቱን ይዛ ቆማ ጨረሰችው፤ ፊቷን ስትታጠብ እየዘፈነች ነበር፤ አሁን ውጭ ጎማዎቹን በብረት እየመታች ድምፃቸውን ታዳምጣለች።

"ምን ትሆናለች" አልኩ። "እንቅልፍ የላት። እህል አትቀምስ። ዓይኗም ደከም ብሏል።"

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ ትርሲት።"

ነጠላ ያለበስኳት ያህል ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አለበስኳት። አንድ ቀን ራሷን ያማታል፤ ሌላ ቀን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ቀን ልቧ አብሯት የለም። ስትደውል ድምፅዋ እንደ ደወል የጠራ ከሆነ "ደክሟታል፣ ቃሏ ይቆራረጣል" እል ነበር። እየደጋገምኩ እንዳይሰለች ደግሞ አዲስ አዲስ እፈልግ ነበር። እግዚአብሔር ይይልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ማዳበሪያ ጫነች፤ አዲስ ለገባ ሁሉ የሚሰጥ ነው አሉ። ከዚያ ሲሚንቶ ወደ ሰቆጣ ሆነ። ሰቆጣ አድርሳ ባዶዋን ተመለሰች፤ ከዚያም ደግማ ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሁለት ዳቦ ፊቴ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

"ይኼ ስሄድ፣ ይኼ ስመለስ" አለች። "ስመለስ ካልጫንኩ ይኼኛው ያኛውን ይበላዋል። ሥራው ሁሉ የመመለሻውን ጭነት ማግኘት ነው፣ እማዬ። መንዳቱ ቀላል ነው።"

"ታዲያ ለምን አይሰጡሽም?"

"እኔም እሱን ነው የማስበው። አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅ። መኪናው ጭረት የለበት። ምን እንዳጎደልኩ አይገባኝም።"

አያ እንድሪስ ከበረንዳው ሰማ። "የመመለሻ ጭነት በእግር ነው የሚፈለገው" አላት። "እኛ ገበያ ወርደን፣ ከነጋዴ ጋር ተቀምጠን፣ ስንት ኩንታል አለህ ብለን ነው። ከግድግዳ ጋር ተነጋግሮ ጭነት የሚያገኝ ሰው አላየሁም።"

ሰማችው። ሰቆጣ ሁለት ቀን አድራ በየሱቁ ዞረች፤ አልጋነሽ የምትባል የማር ነጋዴም አገኘች። ሴትዮዋ በወር ሁለት ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ የምትልከው አንድ ሙሉ ጭነት ማር አላት፤ ዝምተኞቹ ደግሞ ማሩን ጠምዛዛው መንገድ ላይ እያላጉ ማሰሮ ሰብረውባታል። ማስረሻን ወደደቻት። እጇን መትታ "አንቺው ትወስጂልኛለሽ" አለቻት። ያን ቀን ስትደውልልኝ መናገር አቅቷት ትስቅ ነበር።

"አገኘሁት፣ እማዬ። ደርሶ መልስ ሞላ። ከእንግዲህ መኪናው ራሱን ችሏል።"

ጠዋት ግድግዳው ሲጠይቀኝ፣ ከእስከዚያን ቀኑ ሁሉ ይበልጥ ፈራሁላት። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። "ድምፅዋ አላማረኝም" አልኩ። "እንደሚያቃዠው ሰው ናት። ገደል ላይ እንዳትቀር ነው የምፈራው።"

ነጋዴና ሹፌር ቢስማሙም ጭነቱ በድልድሉ ማለፍ ነበረበት። ድልድሉ ማሩን ተቀብሎ ሁለተኛ ደረጃ ላለው ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ማስረሻን ወደ አምስተኛ ደረጃ አወረዳት፤ ከአምስት ወደ ስድስት። ስድስተኛ ደረጃ ያለው የሚጭነው የተሰባበረ የፀሐይ ሰሌዳ ነው፤ ከየከተማው ይለቀምና ሚሌ በረሃ ላይ ይደፋል፤ ከዚያ የሚመለስ ጭነት የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን። በቀሩት ቀናት መኪናውን ታጥበዋለች። የታጠበውን መልሳ ታጥበዋለች።

"ያንቺ ልጅ መኪና አይደለም የገዛችው" ይለኝ ነበር አያ እንድሪስ፣ ሊያስቀኝ ብሎ። "ሐውልት ነው ያቆመችልን።"

እኔም ስቄአለሁ። ማስረሻም መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር።

ከዚያ መክሳት ጀመረች። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ። የሰጠኋትን እንጀራ ትቆርሰዋለች፣ ትጠቀልለዋለች፣ አትጎርሰውም። አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ስታነሣ እጇ ተንቀጠቀጠና ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ስምንት ወር ሙሉ ለግድግዳው ያልኩት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እፊቴ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ "ማስረሻ እንዴት አደረች?" ሲለኝ የክፍሏን በር ዘጋሁት። በእውነት የታመመ ልጅ ሲኖር ደግሞ ሕመሙ ከሰው ይሸፈናል፤ እሱንም ከእናቴ ነው የተማርኩት።

"ደህና ናት" አልኩ። "በጣም ደህና ናት። በልታለች፣ ተኝታለች፣ ምንም አልሆነችም።"

ድምፁ አላመሰገነኝም። ከዚያ "የዋሷ ቃል ከቀደመው ቃል ጋር አይስማማም። ሹፌሯና ዋሷ ሐሙስ ቀን ይቅረቡ" አለ።

ሐሙስ ማስረሻ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ሄደች። ስህተቱን አገኙት ማለት ነው ብላ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። ናትናኤል እንደዚያው ብቻውን ነው። ሁለታችንንም አስቀመጠን።

"ቃሉ ስለ ተጋጨ ምስጢርነቱ ተነሥቷል" አለ። "ሹፌሯ የመስማት መብት አላት።"

ከዚያ የተቀዳውን አሰማን። ሁለት መቶ አርባ ስድስት ጠዋት። ሁሉም የእኔ ድምፅ ነው። እንቅልፍ የላት። እህል አትቀምስ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ገደል ላይ እንዳትቀር። ተቀድቶ ሲሰማ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፤ የምታውቀውን ሁሉ ለፖሊስ እየነገረች ያለች ሴት ይመስላል። ማስረሻን ማየት አልቻልኩም። እጇን ብቻ አየሁት፤ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም።

"ውሸት ነው" አልኩ ለናትናኤል። "ሁሉም ውሸት ነው፣ ልጄ። ለዓይን ብዬ ነው። እንዳያዩብኝ ብዬ ነው።"

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "ገብቶኛል፣ እማማ። የእኔም እናት እንደዚያው ናት፤ ሰው ፊት ልጄ ድንጋይ ራስ ነው ትላለች።" ፊቱ ያለውን ሰሌዳ ወደ እኔ አዞረው። "ግን እዚህ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ሕመም አለ፣ ጠብ አለ፣ ጥቅም አለ። ዓይን የሚል የለም። ልጽፈው ብልም አይቀበለኝም።"

"እና አሁን ምን ይሁን ትላለህ?"

"ድልድሉ የሚያምነው ቤተሰብን ነው። እሷን አልቀጣትም፤ የጠበቃት መስሎት ነው። የታመመች ሹፌር ገደል እንዳትገባ ብሎ ቀላል ጭነት ሰጣት፣ ቀጥሎም አሳረፋት።" ወደ ማስረሻ ዞረ። "የዋስ ቃል ከተጋጨ ፈቃዱ ይነሣል። ሕጉ ነው። ያለ ፈቃድ መሪ ያለው መኪና መያዝ አይቻልም፤ ሰኞ ይወሰዳል። መሪው ይነቀልና ከዝምተኞቹ ጋር ይገባል።"

ማስረሻ አጥንታ የመጣችውን አልተናገረችም። የት ልፈርም ብላ ጠየቀች። ፈረመች።

ሰኞ ጠዋት መጥተው ወሰዱት። የወሰደው ሰው መንዳት አይችልም ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ አንድ ዕቃ አስሮ ወረደ፣ መኪናው ራሱ ዳገቱን ወረደ። ጥሩምባ አልነፋም። አያ እንድሪስ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ማስረሻ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሳለ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የእናቴን፣ የሠርግ ቤቱን፣ የእናቷን። የእናቷን ነገር እስከዚያ ቀን ነግሬአት አላውቅም ነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ለእነሱስ ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ለእኔስ? ሁለታችን ብቻችንን ሆነን፣ በሩ ተዘግቶ፣ አንድ ቀን ጎበዝ ነሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

ፈለግሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሬ እንዲህ ያልኩበትን ቀን ፈለግሁ። ፈተና አልፋ ስትመጣ "አትኩራሪ" ብያታለሁ። መንጃ ፈቃድ ስታገኝ "ቀስ ብለሽ ንጂ" ብያታለሁ። የማሩን ጭነት ስታገኝ "ይሁን፣ እናያለን" ነው ያልኳት።

"በልቤ" አልኳት።

"በልብሽ" አለች፣ ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ የልብስ ቦርሳ ይዛ ነበር። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም፤ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም። ሳሎን ተቀምጣ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። እኔ ዛሬ እላታለሁ ብዬ ነው ያደርኩት። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ። ጎበዝ ነሽ፤ በዚህ አገር እንዳንቺ ያለ ሹፌር የለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ነው፤ ብዙ አይደለም።

"ማስረሻ" አልኳት።

"አቤት።" ቀና አላለችም፤ እጇ ግን ማሰሪያው ላይ ቆመ። ትጠብቅ ነበር።

በሩ ተንኳኳና አያ እንድሪስ ገባ። ስኳር ሊበደር ይሁን ሊያጽናናን እስካሁን አላውቅም። ቦርሳውን አየ፣ ማስረሻን አየ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"እኔ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም" አለ። "ማሻአላህ። ትርሲት፣ ይህችን የመሰለች ጎበዝ ልጅ አሳድገሽ ..."

"ኧረ ተወኝ እቴ" አለ አፌ። እኔ ሳላዘው፣ ከእናቴ አፍ እንደወጣ ሆኖ፣ በፍጥነት። "ምኗ ነው ጎበዝ? አቅም የላት፣ ከሲታ።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አያ እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ።

ማስረሻ የያዘችውን ማሰሪያ ሳበች፣ አጠበቀችው፣ ሁለተኛውንም ጫማ አሰረች። ተነሣች። ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ በአያ እንድሪስ አጠገብ አለፈች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።